ሦስት ተማሪ ለአንድ ኮምፒዩተር፦ የ9ኛ ክፍል የፕሮግራሚንግ ኮርስ ደረጃ በደረጃ

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከሩፋኤል እስከ ጳውሎስ፣ ጉለሌ ውስጥ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ የሚያስተምር ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ክፍሉ ሙሉ፣ ላቡ ጠባብ፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ መብራቱ እንደ ፈቃዱ ሆኖ ፕሮግራሚንግ እንዴት ይጀመራል? በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የትምህርቱ ስም ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ቢሆንም ተማሪው አሁንም አይሲቲ ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

የምመክረው አካሄድ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። ጀማሪ ተማሪ ማሽኑ ፊት መቀመጥ ያለበት ማሽኑን የሚያዝዘውን ነገር በእርሳስ ጽፎ፣ በእጁ አስልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን የምለው ኮምፒዩተር ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ማሽን ቢታደልም ቅደም ተከተሉን አልቀይረውም። የሚያሰላው ነገር ደግሞ ከቤቱ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል፦ ሰዓታችን፣ ጥለታችን፣ ፊደላችን፣ የዘመን ቁጥራችን። እነዚህ ሁሉ በቂ ሒሳብ አላቸው።

ደረጃ 1፦ የሚነሣውን ማሽን መቁጠር

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ላብ ይግቡና እያንዳንዱን ኮምፒዩተር ያስነሡ። በንብረት መዝገብ ላይ ያለውን ሳይሆን የሚነሣውን ይቁጠሩ። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይንኩ፤ በተለይ የቅንፍ፣ የእኩል ይሆናል እና የሁለት ነጥብ ቁልፎችን። ለጽሕፈት ሥራ የማያስፈልጉ ስለሆኑ ቢበላሹ እንኳ ማንም አያስተውላቸውም፤ ፕሮግራም ግን ያለ እነሱ አንድ መስመር አይሄድም።

ለቋንቋ ፓይተንን ይምረጡ። ጊዶ ቫን ሮስም የተባለ ሆላንዳዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ለጀማሪ ቀላል፣ በነጻ የሚገኝ፣ በሥራ ዓለምም የሚያገለግል ነው። ቶኒ የሚባለው መጻፊያ ፓይተንን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ላቡን ማዳረስ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ማሽኖቹ አሮጌ ከሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለመጫን ቢታገሉ ቀንዎን ያባክናሉ። ፍላሹን ላብ ከማስገባትዎ በፊት በአንቲቫይረስ ይፈትሹት። ስክራች የሚባለው ብሎክ እየገጣጠሙ የሚሠሩበት ፕሮግራም የአማርኛ ምናሌ አለው፤ ማሽኑ ከተሸከመው ለመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ መዝናኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ግን እሱ ላይ ብዙ ማቆየት አልወድም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ሦስት አድርጎ ማስቀመጥ

በአንድ ማሽን ሦስት ተማሪ ይቀመጥ፤ ለሦስቱም ሥራ ይስጧቸው። አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል። ሁለተኛው ከወረቀቱ እያነበበ ያጽፋል። ሦስተኛዋ ደግሞ በእጅ የተሰላውን መልስ ይዛ ማሽኑ ከሚያወጣው ጋር ታመሳክራለች። በየአሥር ደቂቃው "ቀይሩ!" ይበሉ። ይህ ካልተደረገ ኪቦርዱ ቤቱ ኮምፒዩተር ባለው ልጅ እጅ ይቀራል፤ ሌሎቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ተመልካች ሆነው ሴሚስተሩን ይጨርሳሉ። ላብ የማይገባው ግማሽ ክፍል በዚያው ሰዓት የሚቀጥለውን ሥራ በወረቀት ይሠራል፤ ከላብ ቴክኒሺያኑ ጋር አስቀድመው ከተነጋገሩ ፈረቃው አያስቸግርም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። ስለዚህ የኪቦርድና የማውዝ ልምምድ እንደ ትርፍ ነገር አይታይም፤ ርእሰ መምህሩ የላብ ሰዓት ሲከለክልዎ ይህን ማንሣት ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ፕሮግራም፣ ሰዓት

በጥቁር ሰሌዳው ላይ 14:35 ብለው ይጻፉ። "ይህ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ነው። በእኛ ስንት ነው?" ሁሉም በአንድ ድምፅ 8:35 ይላሉ። እንዴት እንዳወቁት ሲጠይቋቸው "ቲቸር፣ 6 መቀነስ ነው" ይላሉ። ጥሩ፤ ያንኑ እንደ ትእዛዝ ሰሌዳው ላይ ይጻፉና 3:00ን ይስጧቸው። ሦስት ሲቀነስ ስድስት ከዜሮ በታች ሦስት ይሆናል። ክፍሉ ይስቃል፤ ትምህርቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሰጡት ትእዛዝ ግን አያውቀውም። ቀጥለው 19:00ን ይስጡ፤ 13 ሰዓት ይወጣል። እያረሙ እያረሙ እዚህ ይደርሳሉ፦

ሰዓት ← ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት
ሰዓት ← ሰዓት − 6
ሰዓት ከ1 ካነሰ፦ 12 ደምር
ሰዓት ከ12 ከበለጠ፦ 12 ቀንስ
ሰዓትን አሳይ

አሁን የፍተሻ ሰንጠረዥ ያሠሯቸው። በደብተራቸው ላይ አራት ዓምድ ይሰመር፦ የገባው ቁጥር፣ ከተቀነሰ በኋላ፣ ከታረመ በኋላ፣ የሚጠበቀው መልስ። የሚፈተኑት ቁጥሮች በዘፈቀደ አይመረጡም። 0፣ 5፣ 6፣ 7፣ 18፣ 19 እና 23 ይግቡ፤ ስሕተት የሚደበቀው ድንበር ላይ ነውና። 6 ሲገባ 0 ይሆናል፤ ከ1 ስላነሰ 12 ይደመርበታል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። "ከ1 ካነሰ" ያለውን "ከ0 ካነሰ" ብሎ የጻፈ ቡድን ካለ እዚህ ላይ ይያዛል። ከጨረሱ በኋላ "ቀን" ወይም "ሌሊት" የሚል ቃል እንዲጨምሩበት ይዘዙ፤ ይህን ለቤት ሥራ መስጠት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን ወደ ማሽኑ ማዛወር

ፕሪንት፣ ኢንፑት፣ ኢፍ፣ ኤልስ የሚባሉት ትእዛዞች በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ ሰሌዳው ላይ እንዳሉ ይጻፉላቸውና ደብተር ላይ ይገልብጡ። የተለዋዋጮቹን ስም ግን ተማሪው ራሱ ነው የሚሰይመው፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል። ሰዓት፣ ዋጋ፣ ቀሪ ብለው በቀጥታ መሰየም ይችላሉ። አንዳንድ መምህራን ይህን አይወዱትም፣ "ኋላ ሥራ ቦታ ይቸገራሉ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ አዲስ አስተሳሰብም አዲስ የእንግሊዝኛ ቃልም ሲጫንበት ሁለቱንም ይጥላል። እንግሊዝኛውን በሁለተኛው ሴሚስተር ይለምደዋል።

ለአማርኛ መጻፊያ ኪማንን ወይም ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ ይጠቀሙ፤ ዩኒኮድ ያልሆኑ የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። አንድ ችግር ግን በእርግጥ ይመጣል። ተማሪው "ሰዓት" ብሎ በአማርኛ ከጻፈ በኋላ ኪቦርዱን ሳይመልስ ሁለት ነጥብ ይነካል፤ ማሽኑም የላቲኑን ሳይሆን የእኛን ሁለት ነጥብ ያስገባል። በዓይን ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ፓይተን ግን ሲንታክስ ኤረር ብሎ ያቆማል። በኮማ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ ሲገባም እንደዚሁ። ሦስቱም ተማሪዎች መስመሩን አሥር ጊዜ አንብበው "ቲቸር፣ ልክ ነው እኮ!" ብለው ሲጠሩዎት መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሁን።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ኢንፑት የሚያመጣው ነገር ጽሑፍ መሆኑን መርሳት ነው። ተማሪው 14 ሲያስገባ ፓይተን የሚያየው "1" እና "4" የሚባሉ ሁለት ምልክቶችን ነው፤ ከጽሑፍ ላይ 6 መቀነስ አይቻልም። ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። የስሕተት መልእክት ሲመጣ ከመጨረሻው መስመር ጀምረው እንዲያነቡ ያስተምሯቸው፤ የስሕተቱ ስም ያለው እዚያ ነው። ኔም ኤረር ሲል ስም አሳስተሃል፣ ኢንደንቴሽን ኤረር ሲል የመስመርህ መግቢያ ተዛብቷል፣ ታይፕ ኤረር ሲል ጽሑፍና ቁጥር ቀላቅለሃል ማለቱ ነው። እነዚህን ሦስቱን በካርቶን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ደረጃ 5፦ ጥለት

ለድግግሞሽ ትእዛዝ ከሽሮ ሜዳ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ሸማኔው ጥለት ሲጥል የድሩን ክር እየቆጠረ ያነሣል፣ መወርወሪያውን ያሳልፋል፣ ይመታል፤ ከዚያ ቁጥሩን ቀይሮ ይደግመዋል። ወላጆቻቸው ሸማኔ የሆኑ ተማሪዎች ከክፍልዎ አይጠፉም፤ እነሱ ያስረዱ። ታሪኩንም ለመንገር ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1804 ዣካርድ የተባለ ፈረንሳዊ የትኛው ክር እንደሚነሣ በተበሳ ካርድ የሚታዘዝ የሽመና ማሽን ሠራ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ደግሞ በ1830ዎቹ ያንን የካርድ ሐሳብ ወስዶ ለሒሳብ ማሽኑ ንድፍ አዋለው።

የሒሳብ ደብተር ሳጥን ባለው ገጽ ላይ ይህን ያስሥሉ፦

   *
  ***
 *****
*******
 *****
  ***
   *

ከዚያ በየመስመሩ ስንት ክፍት ቦታና ስንት ኮከብ እንዳለ በሰንጠረዥ ይጻፉ። ክፍቱ 3፣ 2፣ 1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ነው፤ ኮከቡ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1። "ክፍቱን ካወቅን ኮከቡን ማወቅ እንችላለን?" ብለው ይጠይቁ። ክፍቱን በሁለት አባዝቶ ከ7 መቀነስ ነው። ይህን ራሱ ያገኘ ተማሪ ፎር የሚባለውን ትእዛዝ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሳያገኘው ትእዛዙን የተነገረው ግን ኮከብ እየደረደረ ሰባት ፕሪንት ይጽፋል። ጥለቱን ወደ ጎን አራቴ መድገም ለፈጣኖቹ ይሰጥ።

ደረጃ 6፦ ፊደል ቁጥር ነው

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለተሰጠ ለ 4616 ላይ ይጀምራል። ፓይተን ውስጥ ኦርድ የሚባለው ትእዛዝ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ይነግራል። ከቁጥሩ ላይ 4608 ቀንሶ ለ8 ማካፈልና ቀሪውን መያዝ፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ እንዲህ እያለ 6 ሳብዕ ነው። ሽ 4669 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 61፣ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5፣ ስለዚህ ሳድስ። ሮ 4654 ነው፤ 46 ይቀራል፣ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 6፣ ሳብዕ። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ስም ፊደላት ይሞክሩ፤ የቀሪን ስሌት ቀጥሎ ለሚመጣው ትልቁ ሥራ ይፈልጉታል።

ከዚህ ወደ ስም ዝርዝር ይለፉ። የክፍሉን ስም አስገብተው ሶርት ቢያደርጉት በሀ ሁ ተራ ይሰለፋል። ነገር ግን ሐና በሐመሩ ሐ ተጽፋ ከሆነ በሀ የሚፈልጋት ሰው "የለችም" ይባላል፤ ኃይሉም ሃይሉም ሀይሉም ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው እዚያው ቁጥሩ ውስጥ አለ፦ ከሐ ቤት 16 ቢቀነስ ሀ ቤት ይገኛል፤ ከኀ ቤት 128፤ ከዐ ቤት 48 ቢቀነስ አ ቤት፤ ከፀ ቤት 8 ቢቀነስ ጸ ቤት፤ ለሠ ቤት ደግሞ 16 ቢደመር ሰ ቤት። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ይጨመርበት። ይህ ለመፈለጊያ ብቻ ይሁን፤ በዝርዝሩ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ስሙን እንደጻፈው ይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ ባሕረ ሐሳብ፣ የሴሚስተሩ ሥራ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይስጡት። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የዘመን ስሌት ከመነሻው እስከ መድረሻው አልጎሪዝም ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ያውቁታል፤ ሰሌዳውን ለነሱ ይልቀቁላቸው። ክፍሉ ውስጥ ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም ስላሉ ሥራውን እንደ ስሌት ያቅርቡት፤ የመጀመሪያው ግማሽ፣ የመስከረም 1ን ዕለት ማግኘት፣ የሁሉም ነው።

ዓመተ ዓለም = 5500 + ዓመተ ምሕረት
መጠነ ራብዒት = ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ቁጥር
ዕለት = የሁለቱ ድምር ለ7 ተካፍሎ ቀሪው

ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ 0 ሰኞ። ለ2018 እናስላ፦ 7518 ሲደመር 1879፣ 9397 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ሐሙስ። የ2018 አዲስ ዓመት ሐሙስ ነበር። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015 እንደዚያ ነበር፣ 2019ም ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ፋሲካን ይፈልጋል፦

ወንበር = ዓመተ ዓለም ለ19 ተካፍሎ ቀሪው − 1
መጥቅዕ = ወንበር × 19፣ ለ30 ተካፍሎ ቀሪው
መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ነው፤ ካነሰ ጥቅምት ላይ
መባጃ ሐመር = መጥቅዕ + በዓለ መጥቅዕ የዋለበት ዕለት ተውሳክ

የዕለት ተውሳኩ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2 ነው። በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ከሆነ ጾመ ነነዌ ጥር ላይ፣ ጥቅምት ላይ ከሆነ የካቲት ላይ ትገባለች፤ መባጃ ሐመር ከ30 ካለፈ 30 ይቀነስና ወሩ በአንድ ይጨምራል። ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ነው።

ለ2018 ወንበር 12፣ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ ተውሳኩ 7፣ መባጃ ሐመር 25። ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ለ2019 ወንበር 13፣ መጥቅዕ 7፤ ከ14 ስላነሰ ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ፤ መባጃ ሐመር 15፤ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። ሁለቱን ሁሉም ተማሪ በእጁ ያስላ፤ ሳያሰላ ላብ አይግባ።

ፕሮግራሙ ለሁለቱም ዓመት ትክክል ሲያወጣ ክፍሉ ጨረስን ይላል። ያኔ 2024ን ይስጧቸው። 7524 ለ19 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ከዜሮ ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። ሊቃውንቱ ቀሪው ዜሮ ሲሆን ወንበሩ 18 ነው ይላሉ። የሚገርመው ግን ፕሮግራሙ ለ2024 ፋሲካን ሚያዝያ 24 ብሎ ያወጣል፤ ትክክለኛው ቀንም ሚያዝያ 24 ነው! ተማሪዎቹ "ልክ ነው ቲቸር" ይላሉ። መጥቅዑን ያሳትሟቸው። ፕሮግራሙ 11 ይላል፤ ትክክለኛው 12 ነው። ጥቅምት 11 ረቡዕ ስለሆነ ተውሳኩ 4፣ ጥቅምት 12 ሐሙስ ስለሆነ ተውሳኩ 3፤ ሁለቱም ሲደመሩ 15። ተውሳኩ ሁልጊዜ ወደ ሰኞ ስለሚያደርስ ስሕተቱን ውጦ አስቀርቶታል። ይኸው ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ቢጻፍ ያ ቋንቋ ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ቀሪውንም ከዜሮ በታች ስለሚሰጥ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ይሆን ነበር። በመካከል ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ማሳተም ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ቀጥሎ ያለውን 2025ን ለቤት ሥራ ይስጡ፤ መጥቅዑ 0 ይወጣል፣ እንደ 30 ተቆጥሮ መስከረም 30 መባል አለበት፤ ፕሮግራማቸው "ጥቅምት 0" ብሎ ይጽፋል።

አንድ ተማሪ ኢድንስ ለምን አናሰላም ብሎ ከጠየቀ ደስ ይበልዎ። የኢድ ቀን የሚቆረጠው ጨረቃ ስትታይ ነው፤ ፕሮግራም ግምት ይሰጣል እንጂ ደመናውን አያውቅም። ስለዚህ የሚያትመው "ሊሆን ይችላል" ብሎ ነው።

ደረጃ 8፦ መፈተን

"ኮምፒዩተር ምንድን ነው? ትውልዶቹን ዘርዝር" የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። አሥር መስመር ያለው ፕሮግራም በወረቀት ይስጡና ምን እንደሚያወጣ ይጠይቁ። ሌላ የተበላሸ ይስጡና የትኛው መስመር እንደተበላሸ እንዲጠቁሙ ይጠይቁ። መብራት ቢጠፋም ፈተናው አይቋረጥም። ከነጥቡ ውስጥ ለፍተሻ ሰንጠረዡ ብቻውን ድርሻ ይመድቡለት፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ሰንጠረዥ የሌለው ሥራ ሙሉ አያግኝ።

ደረጃ 9፦ ክረምት

ቤታቸው አንድሮይድ ስልክ ያላቸው ፓይድሮይድ 3ን ይጫኑ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያገኙት ሐምሌ 2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ነጻ ሥልጠና ይመዝገቡ፤ ኮርሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ የሰየሟቸውን ተለዋዋጮች ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ ለመዘጋጃ ይጠቅማቸዋል። ትምህርት ቤቱ መኪና ካገኘ ደግሞ እንጦጦ ላይ ያለውን የጠፈር ሳይንስ ማእከል ያስጎብኟቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት ለመቆጣጠር ጣቢያ የተተከለው እዚያው ነው። ለጉብኝቱ ፈቃድ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ከክረምቱ ጭጋግ በፊት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ይሻላል።